በወረታ የቆለፍሁት ፋይል

በ1998 ዓ.ም. መኸር፣ የፎገራ ሩዝ መታጨድ በጀመረ ሰሞን፣ ወረታ ላይ ሥራ ገባሁ። የዘር ሩዝ የሚወስዱ ገበሬዎችን የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት ነበር፤ ዛሬ የለም። የሥራ መደቤ «ጀማሪ የመረጃ ሠራተኛ» ይባላል። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ልጄ ማኅሌት አራት ዓመቷ ነው። ከደብረ ማርቆስ ይዣት መጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን የገባሁበት ክፍል አራት ኮምፒዩተሮችና ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ማሽን ነበሩበት። ኮምፒዩተሮቹ ከውጭ በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። በፊት ዊንዶውስ ነበረባቸው፤ ቫይረስ ቢያስቸግር ጊዜ ተነሥቶ ሊኑክስ ተጫነባቸው። የጫነው ከአዲስ አበባ የመጣ ሄኖክ የሚባል ባለሙያ ነው። የሚቆየው አምስት ቀን ብቻ ስለነበረ ሲናገርም ሲራመድም ይቸኩላል።

የመመዝገቢያው ፕሮግራም የሚሠራው ተርሚናል በሚባል መስኮት ውስጥ ነው። ሥዕል የለበትም፤ በማውስ የሚነካ ነገር የለበትም። ትእዛዝ ይጻፍበታል፤ መልስ ይመጣል። እኛ «ጥቁሩ መስኮት» እንለው ነበር።

ሄኖክ ከፈተልኝና የአንድ ቀበሌ ገበሬዎችን ዝርዝር አመጣ። ያየሁት ተራ በተራ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖችን ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልሁት።

«አማርኛ ነው።»

«አማርኛ አላየሁም።»

«ስሞቹ ውስጥ አሉ፤ አልጠፉም። መስኮቱ ነው የሚያሳይበት ፊደል ያልተሰጠው።»

ከዚያ የመስኮቱን የማስተካከያ ፋይል አሳየኝ። ስሙ በነጥብ ይጀምራል። በነጥብ የሚጀምር ፋይል ተራ ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ የተደበቁትንም አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በውስጡ አጫጭር መስመሮች አሉ። አንዱ የፊደሉን ዓይነት፣ አንዱ መጠኑን፣ አንዱ ቀለሙን ይናገራል። ሄኖክ አንድ መስመር ጨመረበት፤ ከማሽኑ ወጥቶ እንደ ገና በስሙ ገባ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ሰፋ ያሉት ፊደላት ግን፣ እነ ጠ፣ እነ ጨ፣ ጎናቸው ተቆርጦ ነበር።

በሩ ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰው ቆመው ያዩ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሼ ሙጨ ናቸው። የፎገራ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በወረቀት መዝገብ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርተዋል።

«እሰይ» አሉ፤ «መጣ። ምን ያደርጋል፣ ጠ አንድ እግሯን ጎርፍ ወስዶባታል።»

ሄኖክ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «እሱን አንቺ ታስተካክይዋለሽ። አንድ ነገር ትቀይሪያለሽ፤ ትወጫለሽ፤ ትገቢያለሽ፤ ታያለሽ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አትቀይሪ።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመጠኑን ቁጥር አንድ ጨምሬ ወጥቼ እገባለሁ፤ አንድ ቀንሼ ወጥቼ እገባለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠ ሙሉ ሆና መጣች። ለብቻዬ ተመስገን አልሁ። ሄኖክ በአምስተኛው ቀን ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ያስተማረኝ ያ አንድ ዘዴ እንጀራዬ ሆነ።

ፎገራ ሜዳ ነው፤ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ወባ ይነሣል። ኅዳር ላይ ማኅሌት ታመመች። ዳነች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ታመመች፤ ያን ጊዜ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። የጤና መኮንኑ መድኃኒቱን ሰጠኝና «ይቺን ልጅ ደጋ አውጫት፤ ሦስተኛውን አትችለውም» አለኝ።

ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ እናቴ ወሰድኋት። እኔ ተመለስሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እናቴ ስልክ አልነበራትም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጎረቤቷ ቤት እደውላለሁ፤ ማኅሌትን ይጠሯታል። በመጀመሪያው ዓመት እየሮጠች ትመጣ ነበር፤ እግሯ ይሰማኛል። በሁለተኛው ዓመት «ተጠራሽ፣ ነይ እንጂ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርሁ።

ሥራው ቀና። አራት ሰው በአራት ማሽን ይሠራል፤ የሁሉም ፋይል የሚቀመጠው በትልቁ ማሽን ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ የማስተካከያ ፋይል ነበረው፤ በየሳምንቱ የአንዱ ይበላሻል። አንዱ ፊደሉን ያሳንሳል፤ አንዱ ጽሑፉን ከጀርባው ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር አድርጎ «መስኮቴ ሞተ» ይለኛል። ስለዚህ የአማርኛውን ቅንብር በአንድ ፋይል ጽፌ በራሴ ማኅደር ውስጥ አስቀመጥሁት። በሌሎቹ ፋይል ላይ «የብርቱካንን ፋይል አንብብ» የምትል፣ የእኔን ስም የምትጠራ አንዲት መስመር ብቻ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ሳስተካክል የአራቱም ይስተካከላል። ደስ አለኝ። ኮራሁም።

ለማንም ግን አላስተማርሁም። የጠየቀኝ ሲኖር «ተዉት፣ እኔ አየዋለሁ» እል ነበር። ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ፕሮጀክቱ ደብረ ማርቆስ ላይ የስንዴ ዘር የሚመዘግብ ቅርንጫፍ ነበረው። ሁለት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ዝውውር መጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመቴ በሞላ በሳምንቱ ማመልከቻዬን ለአስተባባሪያችን ለአቶ ደሳለኝ ሰጠሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ልጄን ለማሳደግ» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ደሳለኝ አነበቡና «እናያለን» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥራ እንዳይቆምባቸው ይፈሩ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ለፋሲካ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ተሰጠኝ። በጸሎተ ሐሙስ ንጋት ነው የምሳፈረው። ረቡዕ ማታ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ፤ ፋይሌን ቆለፍሁት።

ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይል ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚናገር ሦስት አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሰው ሁሉ ነው። የእኔ ፋይል ስድስት አራት አራት ነበር፤ እኔ እጽፍበታለሁ፣ ሌላው ያነበዋል። እኔ በሌለሁበት ሰው እንዳይነካካው ብዬ ስድስት ዜሮ ዜሮ አደረግሁት። እንዳይጻፍበት ስል እንዳይነበብም ከለከልሁት። አላስተዋልሁም። ለማንም አልተናገርሁም።

ሐሙስ ምንም አልሆነም። ማሽኖቹ ለመነሣት ስለሚዘገዩ ሌሊትም አናጠፋቸውም ነበር፤ ሰዎቹም እኔ ሳልቆልፈው በፊት በየስማቸው ስለገቡ ማሽኖቹ ቅንብሩን አንብበውታል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ጋሼ ሙጨ ለበዓሉ ብለው ክፍሉን አጸዱ። ወለሉን ጠረጉ፤ ኪቦርዶቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፤ ማሽኖቹን ሁሉ አጥፍተው በሩን ዘጉ።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ማኅሌት ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆመች። «ሳሚያት እንጂ፣ እናትሽ ናት» አለቻት እናቴ። መጥታ ሳመችኝና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በስቅለት ከጎኔ ቆማ ስሰግድ ታየኝ ነበር፤ ኋላ ላይ እሷም አብራኝ ትወድቅ ትነሣ ጀመር። በፋሲካ ሌሊት ራሷ መጥታ እቅፌ ውስጥ ተኛች። ክንዴ እስኪደነዝዝ አልነቃነቅሁትም።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቲቱ ስልክ አለሽ ብላ ጠራችኝ። አቶ ደሳለኝ ናቸው።

«ብርቱካን፣ አማርኛው ጠፋ። አራቱም ማሽን ላይ ሳጥን ብቻ ነው። የዘር ዕደላው ሊጀመር ሳምንት ነው የቀረው። ሙጨ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አበላሽቶታል። ነይልን፤ የቀረውን ፈቃድ ኋላ ትወስጂዋለሽ።»

ማክሰኞ ንጋት ተነሣሁ። ማኅሌት ነቅታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። «መቼ ትመጫለሽ?» አላለችኝም። ያን ጥያቄ ትታዋለች። ነጠላዬን አቀበለችኝ።

ባሕር ዳር መኪና ቀየርሁ። ሐሙሲት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወረታ ወረድሁና ቤቴ ገብቼ በልብሴ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ሙጨ ከቢሮው በር ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ጠበቁኝ።

«እቱ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉኝ። «ጨርቁን ጨመቅ አድርጌው ነበር፤ ግን አልበቃም ይሆናል። ልጅሽን አስትቼ አመጣሁሽ። ይቅር በይኝ።»

«ቆይ ጋሼ፣ ልየው» አልሁና ገባሁ።

አንዱን ማሽን አስነሥቼ በአንዱ ሠራተኛ ስም ገባሁ፤ ሳጥን ነው። ሰው ሲገባ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚመዘግብ ሌላ በነጥብ የሚጀምር ፋይል አለ። ከፈትሁት። የመጨረሻው መስመር የእኔን ፋይል ስም ጠርቶ ፈቃድ ተከልክሏል ይላል።

ስድስት ዜሮ ዜሮ። ረቡዕ ማታ በገዛ ጣቴ የጻፍሁት ነው።

ከኋላዬ አቶ ደሳለኝ፣ ጋሼ ሙጨና ሌሎቹ ሦስት ሠራተኞች ቆመዋል። ወጣሁ፤ በራሴ ስም ገብቼ ቁጥሩን ወደ ስድስት አራት አራት መለስሁት፤ ወጣሁ፤ በሠራተኛው ስም ገባሁ። ፊደሉ መጣ። አጨበጨቡ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አሉ አቶ ደሳለኝ። ጋሼ ሙጨ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ግድግዳውን ተደገፉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም።

በወሩ መጨረሻ ግምገማ ነበረ። እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ጉድለቱን ይናገራል። ጋሼ ሙጨ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ። «ያለ ዕውቀቴ የመንግሥትን ንብረት በውኃ ነካክቼ ሥራ አስተጓጉያለሁ፤ ተምሬበታለሁ» አሉ። ማሽን እንዳይነኩ ተወሰነ። ለእኔ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ተቀብዬ ተቀመጥሁ።

በሳምንቱ አቶ ደሳለኝ ጠሩኝ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ግርጌው ላይ በቀይ ተጽፎበታል፤ ተተኪ ስለሌላት ለጊዜው አልተፈቀደም።

«አትቀየሚኝ» አሉ። «ሦስት ቀን ሳትኖሪ የሆነውን አየነው እኮ። አንቺን ለቅቄ እኔ ምን ልሆን?»

ወጣሁና በጓሮ በኩል ቆምሁ። ሜዳው ለዘር እየታረሰ ነበር። የቆለፍሁት ፋይል እኔን እዚያ እንዳስቀረኝ ገባኝ። በዚያ ላይ የአንድ ሽማግሌ ስም አብሮ ጎድፎ ነበር።

ሰኔን ሙሉ ቅዳሴ ቆሜ ሳልቆርብ እመለስ ነበር። በመጨረሻ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። ብዙ አይናገሩም። «ለእኔ ነገርሽኝ፤ ለሰውየውስ?» አሉኝ።

ጋሼ ሙጨ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያን ሰሞን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ገብተው መመለሳቸው ነበር። መዝገብ ቤት ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ የፋሲካውን ጥፋት እርስዎ አይደሉም ያጠፉት። እኔ ነኝ።»

ነገርኋቸው። ሦስቱን አኃዝ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው አዩት። ቀና ሲሉ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ስለዚህ ጨርቁ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ሁለት ወር ሙሉ ያን ጨርቅ ባየሁት ቁጥር መንገድ እለውጥ ነበር እኮ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ልጆቼን እንኳ የሰው ማሽን አትንኩ፣ እንደ እኔ ትዋረዳላችሁ ብያቸዋለሁ» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተይ፣ ተይ፤ እሱ ያመኛል። ይቅር ብያለሁ። አሁን ነይ፣ ለአለቃው አብረን እንንገረው። ብቻሽን ከገባሽ ታለቅሺና ነገሩ ይበላሻል።»

አብረን ገባን። አላለቀስሁም። አቶ ደሳለኝ ሰምተው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ የምስክር ወረቀቱን ምን ላርገው?» አሉ።

«አምጥቼዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ግድግዳ ላይ አልሰቀልሁትም ነበር።

«መንገር የነበረብሽ ያን ዕለት ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይኼ ለዝውውርሽ የሚጠቅምሽ መስሎሽ ነው?»

«እንጃ። ላይጠቅመኝም ይችላል። የጋሼ ስም ግን ይመለስ።»

ጋሼ ሙጨ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምለው አለኝ። ይህች ልጅ ተተኪ የላትም ተብላ ነው የታሰረችው። እኔን ታስተምረኝ።»

አቶ ደሳለኝ ትክ ብለው አዩዋቸው። «እርስዎ? ማውሱን እንደ እንቁላል አይደል እንዴ የሚይዙት?»

«እንቁላል የያዘ ሰው አይሰብርም» አሉ ጋሼ ሙጨ።

ውሳኔው ይኼ ሆነ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እኔ ማሽኑን ሆን ብዬ አበላሻለሁ፤ ጋሼ ሙጨ ያለ እኔ ያስተካክሉታል። ካስተካከሉ ዝውውሩ ይፈረማል። ካልቻሉ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ። ለማኅሌት ሌላ ዓመት ማለት አንደኛ ክፍል ያለ እኔ መግባት ነው።

ሐምሌን በሙሉ ከሥራ በኋላ አንድ አንድ ሰዓት እናጠና ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አንዳችን የሌላውን ድምፅ አንሰማም፤ ያን ጊዜ በጣት እንጠቋቆማለን። እኔ በእያንዳንዱ መስመር ራስጌ ላይ በአማርኛ ማብራሪያ ጻፍሁ፤ በቃለ አጋኖ የሚጀምረውን መስመር ማሽኑ አልፎት ይሄዳል። ጨርሼ ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። ግን ማሽኑ ሲታመም የማነበው በምንድን ነው? መድኃኒቱን በሽተኛው ሆድ ውስጥ ደበቅሽው እኮ።»

እውነታቸውን ነው። አሮጌ የዘር መዝገብ አመጡና ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። እኔ እናገራለሁ፤ እሳቸው በራሳቸው አነጋገር ይጽፋሉ። «ሳጥን ስታይ አትደንግጥ። ስሙ አልጠፋም።» «የተደበቁትን ጥራ።» «የስሕተት መዝገቡን መጨረሻ አንብብ።» እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ፈቃድ ተከልክሏል የሚለውን ቃል ቅርጹን እንዳለ በቀይ ቀድተው ትርጉሙን አጠገቡ ጻፉ። ከሁሉ በላይ በትልቁ የጻፉት «ሳትወጣና ሳትገባ አልሆነም አትበል» የሚለውን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ላበላሸው ስቀመጥ እጄ ቀላሉን ብቻ ሊያደርግ ከጀለው። ጋሼ ሙጨ ከበሩ ላይ ሆነው «እቱ» አሉኝ፤ «ከባዱን አድርጊው። አንቺ ስትሄጂ ቀላሉ ብቻ አይደለም የሚመጣው።»

ሁለት ጥፋት አደረግሁ። ፋይሉን ቆለፍሁት፤ የመጠኑንም ቁጥር ለወጥሁት። ከዚያ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ። ጋሼ ሙጨ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ፤ አቶ ደሳለኝ ገብተው ከኋላቸው ቆሙ።

ከግቢው ባሻገር ሜዳው ውኃና አረንጓዴ ብቻ ነበር። ዳዊቴን ገለጥሁ፤ አንዱን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላውቅም። ከውስጥ የጋሼ ሙጨ ሳልና የአንድ ጣት የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ ቆመ።

«አልሆነም» ሲሉ ሰማሁ። «ፈቃዱን መለስሁት፤ አልሆነም።»

አቶ ደሳለኝ «በቃ ጋሼ፣ ሞክረዋል» አሉ።

ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥሁ። የወረቀት መገለጥ ሰማሁ።

«ቆይ! አልወጣሁም እኮ። ሳልወጣና ሳልገባ አልሆነም አልሁ፤ አየህ ሞኝነቴን!»

ጥቂት ቆይቶ አቶ ደሳለኝ «መጣ! ይነበባል!» አሉ። «ይበቃል፣ አልፈዋል።»

«አይበቃም» አሉ ጋሼ ሙጨ። «ጎኑ የተቆረጠ ነው። እግር የሌላት ጠ ለሰው አላስረክብም።»

ቁጥሩን አንድ እየጨመሩ እየወጡ እየገቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። አቶ ደሳለኝ ቁጭ ብለው ጠበቋቸው። በመጨረሻ ጠሩኝ። መስኮቱ ላይ የቀበሌያቸው ገበሬዎች ስም አንድ ፊደል ሳይጎድል ተደርድሯል። ጋሼ ሙጨ ላብ በላብ ሆነዋል።

«በይ እቱ፣ አሁን ልጅሽ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ።

አቶ ደሳለኝ ማመልከቻውን እዚያው ቆመው ፈረሙ። በቀጣዩ ግምገማ የፋሲካውን ነገር እኔ ራሴ ተነሥቼ ተናገርሁ፤ የጋሼ ሙጨ ጥፋት ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ተደረገ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ተገቢ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዓመት ሠራሁ። የተሻሉ ማሽኖችን ይዣለሁ፤ የተሻለ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የሚናፍቀኝ ግን የወረታው ክፍል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እኔና ጋሼ ሙጨ በአንድ መስኮት ላይ አቀርቅረን፣ በጣት ስንጠቋቆም። ስልክ ሲደውሉልኝ ሰላምታ ሳይጨርሱ «ፊደሉ ደኅና ነው» ይሉኝ ነበር። ጡረታ ሲወጡ መዝገቡን ለሚተካቸው አስረክበዋል። አሁን በሕይወት የሉም፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ወረታ እያለሁ ማርቆስ ይናፍቀኝ ነበር፤ ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ ደግሞ ነሐሴ በመጣ ቁጥር የፎገራ ውኃ ይታየኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች የምለው ይኼን ነው። የማስተካከያ ፋይል ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የምታውቁትን ማሽኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፉ፤ አጠገባችሁ ላለው ሰው አሳዩ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ያኔውኑ ተናገሩ።

ወረታን የለቀቅሁት በጳጉሜን ነው። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ጨልሞ ነበር፤ ማኅሌት ተኝታለች። ሻንጣዬን ሳልፈታ አጠገቧ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቷን አጥቤ፣ ጸጉሯን አበጥሬ፣ አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት ወሰድኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ቀና ሳይል «የልጅቱ ምኗ ነሽ?» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ማኅሌት «እናቴ ናት» አለችው።